ሞራ መስሎን የቆየው በሽታ፦ ግላኮማ፣ ዓይነቶቹና ሕክምናው

 

በዚህ የትምህርት ዓምድ ብዙ ጊዜ የምናቀርበው የፊቅህ ወይም የሲራ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የዓይን በሽታ እንነጋገራለን። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ስለዚህ የጻፍነውን በሕክምና ትምህርት ክፍል ያሉ እህትና ወንድሞቻችን አይተው እንዲያርሙልን ሰጥተናል። ወደ ፊቅህ መመለሳችንም አይቀርም፤ በሽታው ከጾምና ከሶላት ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለውና።

ለመጻፍ ያነሳሱን በልጅነታችን ቁርኣን ያቀሩን ሼኽ ናቸው። ሙስሐፉን ከፊታቸው ዘርግተው፣ እኛ ስንቀራ ሐርፍ ስንስት ቀና ሳይሉ ያርሙን ነበር። በኋላ እንደተረዳነው ሙስሐፉን በደንብ ማየት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የሚያርሙን በሒፍዛቸው ነበር። ምልክቱ በሌላ በኩል መጣ። በግራቸው የተቀመጠውን የውዱእ ማንቆርቆሪያ በእግራቸው መምታት ጀመሩ። በጎን በኩል ቡና ሲዘረጋላቸው ስኒውን ሳይቀበሉ ይቀራሉ። የመስጊዱን ደረጃ ሲወርዱ ሁለት ጊዜ ወደቁ። እኛም «ሼኻችን ሐሳብ ይዟቸው ነው» እንል ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው «ይህ ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ ካልበሰለ አይነሳም» አለ። ነገሩ ለሁሉም እውነት መሰለ። ሁለት ዓመት ያህል ሞራው እስኪበስል ተጠበቀ። ሐኪም ቤት ሲወሰዱ ግራ ዓይናቸው ብርሃንን ከጨለማ አይለይም ነበር፤ ቀኙ ደግሞ የሚያየው በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደሚመለከት ሰው መሃል መሃሉን ብቻ ነበር። ሐኪሟ ሞራ ሳይሆን ግላኮማ መሆኑን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ለማቆየት እንደሚሞከር ነገሯቸው። ሼኻችን «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ በጊዜው መጥቼ ቢሆንስ?» ብለው ጠየቁ። «በጊዜው ቢመጡ አብዛኛው ይተርፍ ነበር፣ አባባ» አሏቸው።

የሼኻችንን ሶብር የሚጠራጠር የለም። ሁለት ዓይኖቹን አጥቶ ለታገሰ ሰው ጀነት ቃል የተገባለት መሆኑን በቡኻሪ የተዘገበውን ሐዲሰል ቁድሲይ እሳቸው ናቸው ያስተማሩን። ነገር ግን ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት መውረዱን የሚናገረውን ሐዲስም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሁለቱ አይጋጩም፤ የመጀመሪያው ሰበቡን ካደረሰ በኋላ ለተፈተነ ሰው ማጽናኛ ነው፣ ሁለተኛው ሰበብ እንድናደርስ ያዘናል። እኛ በሁለቱ መሃል ሁለት ዓመት አባከንን፤ ያባከንነውም በሽታውን በስሙ ባለማወቃችን ነው።

እዚህ ላይ ዐረብኛው ያግዘናል። ዐረቦች በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ሞራን «አል-ማኡል አብየድ»፣ ነጩ ውሃ ይሉታል። ግላኮማን ደግሞ «አል-ማኡል አዝረቅ»፣ ሰማያዊው ውሃ ይሉታል። ከሳዑዲ ወይም ከኤምሬትስ የተመለሱ ዘመዶቻችን «ዓይኗ ውስጥ ውሃ ገባ አሉን» ሲሉ የትኛው ውሃ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነውና። ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መደፍረስ ነው። እይታው ሁሉ እንደ ጉም ይጋረዳል፤ የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ ግን እይታው ይመለሳል። ግላኮማ ውስጥ የሚሞተው ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘው የእይታ ነርቭ ነው። የሞተ ነርቭ የሚተካበት መንገድ እስካሁን የለም።

«ይብሰል» የሚለው ምክርም የድሮ ቀዶ ሕክምና ትዝታ ነው። ዛሬ ሞራ እንዲበስል አይጠበቅም። ከመጠን በላይ የበሰለ ሞራ አብጦ ወይም ፈሳሹ ሾልኮ ራሱ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ዘመዳችሁ በእርግጥ ሞራ ቢኖርባቸውም እንኳ መጠበቁ ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ዓይን ውስጥ እንግባ። የፈሳሽ ሜካኒክስ የወሰዳችሁ ይህን ክፍል ትወዱታላችሁ ብለን እንገምታለን። የዓይን የፊተኛው ክፍል በጠራ ውሃ የተሞላ ነው። ይህ ውሃ ዕንባ አይደለም፤ ዕንባ ከውጭ ነው፣ ይሄኛው ከውስጥ ነው። የሚመነጨው ቀለም ካለው የዓይን ክፍል፣ ከአይሪስ ጀርባ ነው። መጠኑ በደቂቃ ከ2 እስከ 2.5 ማይክሮሊትር ያህል ነው። በብሌን ቀዳዳ በኩል ወደ ፊት ይወጣና፣ አይሪስ ከዓይን መስታወት (ከኮርኒያ) ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ወንፊት በመሰለ መረብ አልፎ፣ ቀለበት በሠራች ቀጭን ቦይ በኩል ወደ ደም ሥር ይገባል። ምንጩ አይቆምም፣ መውረጃውም መቆም የለበትም። የወረዳ ትምህርት የወሰደ ሰው የኦምን ሕግ ያስታውስ፦ ፍሰቱ ሳይቀንስ መቋቋሙ ከጨመረ ግፊቱ መጨመሩ ግድ ነው። ጤነኛ ዓይን ውስጥ ግፊቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ባለው መሃል ይገኛል።

ይህ ግፊት የሚጎዳው የፊቱን ክፍል ሳይሆን የኋላውን ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ የነርቭ ክሮች ከዓይን የሚወጡት በጀርባው ባለች ወንፊት መሰል ሳህን በኩል ነው። የዓይን ግድግዳ በጣም ደካማው ቦታም እሷ ናት። ግፊት ሲበዛባት ትጎብጣለች፣ ክሮቹ ይቆነጠጣሉ፣ የደም ዝውውራቸው ይጓደላል፣ ቀስ በቀስም ይሞታሉ። በአብዛኛው ቀድመው የሚሞቱት የዳር እይታን የሚያመጡት ናቸው። ፊደል የምናነብበት የመሃሉ እይታ እስከ መጨረሻ አካባቢ ይቆያል። አንዱ ዓይን ያጣውን ሌላው ይሸፍነዋል፤ አንጎልም ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ በሽተኛው በዳሩ ጥቁር መጋረጃ አያይም፤ ማንቆርቆሪያው እዚያ የሌለ ይመስለዋል፣ በቃ። «ፊደል አነባለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው» ማለት ግላኮማ የለብኝም ማለት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ዓይነቶቹን ስናይ ሁሉንም በእኩል አንዘረዝርም፤ በአገራችን ይበልጥ የሚያጋጥሙንና ችላ የሚባሉት ላይ እንቆያለን።

በአፍሪካ በስፋት የሚታየው ክፍት ማዕዘን የሚባለው ነው። የማዕዘኑ በር ክፍት ነው፤ ወንፊቱ ራሱ ግን ቀስ እያለ ይደፈናል። አያምም፣ አያቀላም፣ አያሳክክም። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ እየጨመረ ይሄዳል። ዘራቸው ከአፍሪካ በሆኑ ሰዎች ላይ ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ይበልጥም ይከፋል። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ያለበት ሰው አደጋው ከሌላው ብዙ እጥፍ ነው። ከፍተኛ የቅርብ ብቻ እይታ ያለባቸው፣ ማለትም ወፍራም ባለ መቀነስ ምልክት መነጽር የሚያደርጉ ተማሪዎችም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አሉ። የሼኻችን ይህ ነበር።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ አለ፤ ግፊቱ ከ21 ሳያልፍ ነርቩ ይሞታል። መደበኛ ግፊት ያለው ግላኮማ ይባላል። ስለዚህ አንድ ቀን ግፊት ተለክቶ «ደህና ነህ» መባል ብቻውን በቂ አይደለም። እዚህ ላይ የመለኪያውን ነገር ማንሳት ይኖርብናል። በዓይን ሐኪሞች ዘንድ እንደ መመዘኛ የሚታየው የጎልድማን መለኪያ የዓይን መስታወቱን 3.06 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባላት ክብ ቦታ ላይ ጠፍጠፍ ለማድረግ የሚፈለገውን ኃይል ይለካል። ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነውና። ግን ስሌቱ የመስታወቱን ውፍረት አማካይ አድርጎ ይገምታል። መስታወቱ ቀጭን የሆነበት ሰው ግፊቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። መለኪያ ሁሉ ግምት አለው፤ ግምቱን የማያውቅ ሰው በቁጥሩ ይታለላል። ለዚህ ነው ሐኪም የነርቩን ራስ በመሣሪያ ማየት፣ የዳር እይታንም መመርመር ያለበት።

ዝግ ማዕዘን የሚባለው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አይሪሱ ወደ ፊት ተገፍቶ መውረጃውን በአንዴ ይከድነዋል። ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ይተኮሳል። ዓይን ይቀላል፣ እይታ ይደበዝዛል፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ይታያል፣ ግማሽ ራስ ይፈልጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። ሰው ትውከቱን አይቶ ጨጓራ ነው ይላል፤ ራስ ምታቱን አይቶ ማይግሬን ነው ይላል። ሌሊት ጨለማ ውስጥ፣ ብሌን ሲሰፋ፣ ሊጀምር ይችላል። የጋራ መኖሪያችን ውስጥ ወይም ቤት ውስጥ ዓይኑ ቀልቶ፣ ራሱን ይዞ የሚያስመልስ ሰው ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ነው፤ ዓይን በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ከሌላ ነገር የሚመጡም አሉ። ስኳር በሽታ ሬቲናን ከጎዳ በኋላ አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች በቅለው መውረጃውን ይዘጉታል። ኳስ ወይም ጠጠር የመታው ዓይን ከዓመታት በኋላ ግላኮማ ሊይዘው ይችላል፤ በልጅነታችሁ በወንጭፍ የተመታ ጓደኛ ካላችሁ አስታውሱት። በሸመገሉ ሰዎች ሌንስ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነገር እየተጠራቀመ ወንፊቱን የሚደፍንበት ዓይነትም በአገራችን የዓይን ሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው።

በዚህ ግቢ ያለነውን ግን ይበልጥ የሚመለከተን በስቴሮይድ ጠብታ የሚመጣው ነው። አቧራና ፀሐይ በበዛበት አገር የዓይን አለርጂ ብዙ ነው። ልጁ ዓይኑን ያሽ ያሽና ፋርማሲ ሄዶ «የሚያሳክክ ዓይን» ይላል፤ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ይሰጠዋል፤ በሁለት ቀን ይሻለዋል። ሲመለስበት ራሱ ሄዶ ያንኑ ጠርሙስ ይገዛል፣ ለወንድሙም ያውሰዋል። እንዲህ እያለ ወራት ያልፋሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ጠብታ የውሃውን መውረጃ ያጠብና ግፊቱን ያለ ምንም ሕመም ከፍ ያደርገዋል። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ነርቩ የተጎዳ ልጅ የሚገኘው እንዲህ ነው። ጠብታው በሐኪም ትእዛዝ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ለወራት ሲወሰድ ግን ዓይን ያጠፋል። መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ዛሬ አውጥታችሁ ስሙን አንብቡ። በስሙ ውስጥ «ዴክሳ»፣ «ቤታሜታሶን» ወይም «ፕሬድኒሶሎን» የሚል ካለና ያለ ሐኪም የምትጠቀሙበት ከሆነ ሄዳችሁ ግፊታችሁን አስለኩ።

ሕፃናት ከነበሽታው የሚወለዱበትም አለ። ዓይኑ ከዕድሜው በላይ ትልቅ የሆነ፣ ብርሃን የሚፈራ፣ ዕንባው የማይቆም፣ የዓይኑ መስታወት የደበዘዘ ሕፃን ሲታይ አንዳንድ እናቶች «እንዴት ያለ የሚያምር ትልቅ ዓይን!» ይላሉ። ማሻአላህ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን በፍጥነት ይታይ። የዚህ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው፤ በጠብታ እየተባለ ጊዜ የሚባክንበት አይደለም። በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ውስጥ ይበልጥ እንደሚታይም ይታወቃል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ፦ እስካሁን ያሉት ሕክምናዎች ሁሉ የሚሠሩት ግፊትን በመቀነስ ነው። መደበኛ ግፊት ላለበት ሰው እንኳ ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ይረዳዋል። በስዊድን የተካሄደ የረጅም ጊዜ ጥናት ግፊት በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር የመባባስ አደጋው በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጠብታውን ያቋረጠ ሰው ምንም ልዩነት አይሰማውም፤ ያደረገውም ምንም ልዩነት አይሰማውም። ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው «አላሻለኝም» ብሎ የሚተወው እንዲሻሽል ጠብቆ ነው። ጠብታው የሚሠራው እንዳይባባስ ነው።

ጠብታዎቹ ሁለት መንገድ አላቸው። እንደ ቲሞሎል ያለው ምንጩን ይቀንሳል። እንደ ላታኖፕሮስት ያለው መውረጃውን ያሰፋል፤ ብዙውን ጊዜ ማታ አንዴ ይደረጋል፣ ሽፋሽፍት ያስረዝማል፣ የዓይን ቆዳ ያጠቁራል፣ ሌላ ከባድ ነገር ብዙም የለውም። ቲሞሎል ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የልብ ምታቸው ዘገምተኛ ለሆነም እንዲሁ። «የዓይን ጠብታ ነው፣ ምን ያመጣል» አይባልም። ዓይን በውስጠኛው ጥግ ባለች ቀዳዳ ከአፍንጫ ጋር የተገናኘ ነው፤ በዚያ በኩል ወደ ደም ይገባል። አስም ያለባቸው አያት ጠብታ ከጀመሩ ወዲህ ትንፋሽ አጠራቸው ከተባለ ለሐኪሙ ይነገር። አሴታዞላማይድ የሚባል እንክብልም አለ፤ ድንገተኛ ግፊትን ለማውረድ ይሰጣል፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል።

ከጠብታ ቀጥሎ ሌዘር አለ። ለዝግ ማዕዘን በአይሪሱ ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ውሃው በሌላ በር ያልፋል። ለክፍት ማዕዘን ደግሞ ወንፊቱን በቀላል ሌዘር ማነቃቃት ይቻላል። በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በዚህ ሌዘር ከጀመሩት መካከል ወደ 74 በመቶ የሚሆኑት ለ3 ዓመት ያለ ጠብታ ግፊታቸው ተጠብቆላቸዋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ነው። በሞሺ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ ሌዘር ከተደረገላቸው ዓይኖች 61 በመቶው፣ ቲሞሎል ከተሰጣቸው 31 በመቶው ብቻ ነው የተሳካላቸው። ጠብታ በየወሩ መግዛት፣ ከገጠር ከተማ መመላለስ፣ አንዳንዴም ፋርማሲ ውስጥ አለማግኘት ባለበት አገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሌዘሩ የሚገኝበት ቦታ ካለ ሐኪሙን ስለሱ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። በብዛት የሚሠራው ትራቤኩሌክቶሚ ይባላል፤ ከላይኛው የዓይን ሽፋን ስር ለውሃው አዲስ መውጫ ይከፈታል። ጠባሳ መውጫውን መልሶ እንዳይዘጋው ክትትል ይፈልጋል። ይህ ካልሆነ ትንሽ ቱቦ ይተከላል። ከቱቦዎቹ አንዱ በፈልሳፊው በማቲን አህመድ ስም የሚጠራው የአህመድ ቫልቭ ነው፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሁለት ቀጫጭን የሲሊኮን ሽፋኖች ተወጥረው ይያያዛሉ፤ ግፊት ከፍ ሲል ይከፈታሉ፣ ሲወርድ ይዘጋሉ። ዓይን ከመጠን በላይ ፈስሶ እንዳይሟሽሽም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። የሜካኒካል ተማሪዎች ወንድሞቻችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲያጡ ይህችን ቫልቭ አንዴ ቢመለከቷት እንመኛለን። ይሁን እንጂ የትኛውም ቀዶ ሕክምና የሞተ ነርቭ አይመልስም።

አሁን ወደ ፊቅሁ። ሼኻችን ጠብታ ከተሰጣቸው በኋላ የመጀመሪያው ረመዷን ሲገባ አቆሙት። ቤተሰቡም አልጠየቃቸውም፤ ጾመኛ ሰው ዓይኑ ውስጥ መድኃኒት ማድረግ የለበትም የሚል ግምት በየቤቱ አለና። አንድ ወር ሙሉ ያለ ጠብታ አለፈ። ከዒድ በኋላ ግፊታቸው ሲለካ ተመልሶ ወጥቷል። የሚያሳዝነው፣ በእሳቸው መዝሀብ እንኳ ይህ አስፈላጊ አልነበረም። በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ ዓይን ወደ ሆድ የሚወስድ ክፍት በር ተደርጎ አይቆጠርም፤ ኩሕል እንደማያስፈታ ሁሉ ጠብታም ጾም አያስፈታም። በማሊኪይና በሐንበሊይ ዘንድ ጣዕሙ ጉሮሮ ከደረሰ ያስፈታል የሚል አቋም አለ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ስብሰባው ጉሮሮ የደረሰውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያበላሽ ወስኗል።

ከኺላፉ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ሕክምናው ራሱ መንገድ ሰጥቶታል። ከጠብታ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወርደውን በጣም ይቀንሰዋል። ሐኪሞች ይህን የሚመክሩት ለጾም ብለው አይደለም፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ሄዶ ልብና ሳንባ እንዳይነካ፣ ዓይን ውስጥም እንዲቆይ ነው። አንዴ የሚደረገውን ጠብታ ከኢፍጣር በኋላ፣ ሁለቴ የሚደረገውን ከሱሑር በፊትና ከኢፍጣር በኋላ ማድረግም ይቻላል፤ ሰዓቱን ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። እንክብል ግን መዋጥ ነውና ያስፈታል፤ ቀን መዋጥ ግድ የሆነበት በሽተኛ ሩኽሳው አለለት። አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር፦ ግላኮማ ያለበት ሰው በኢፍጣር ሰዓት አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ ባይጠጣ ይመረጣል፤ ግፊትን ለጊዜው ያወጣል። ቀስ እያለ ይጠጣ።

ስለ ሱጁድም ይጠየቃል። ጭንቅላት ሲያጎነብስ የዓይን ግፊት ለአፍታ መጨመሩ እውነት ነው፤ ቀና ሲባል ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ፈርድ ሶላትን በራስ ፈቃድ ማሳጠር ወይም መተው የለም። ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ሐኪሙ «ለተወሰኑ ሳምንታት አታጎንብስ» ሲል ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ በኪታቦቻችን ውስጥ የቆየ መስአላ ነው፦ ዓይኑን የታመመ ሰው፣ መቆም እየቻለ፣ ታማኝ ሐኪም ተኝተህ ብትሰግድ ትድናለህ ቢለውስ? ኢማም ማሊክ አልፈቀዱም። በሐነፊዮች ዘንድ ተፈቅዷል፤ በሻፊዒዮችም ይበልጥ ትክክል ተብሎ የተያዘው መፍቀዱ ነው። ዐብዱላህ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ዓይናቸውን ለመታከም ለቀናት ተኝተው እንዲሰግዱ ተነግሯቸው እንደተዉት ይዘገባል፤ በመጨረሻ ዘመናቸውም ዓይነ ስውር ነበሩ። ዑለማዎች ይህን ዘገባ እያወቁ ነው ለታማሚው በሩን የከፈቱት። እሳቸው የራሳቸውን ምርጫ መረጡ፤ የእናንተ አያት ግን በኢማእ፣ በተቀመጡበት በራሳቸው እያመለከቱ ቢሰግዱ ሶላታቸው ሙሉ ነው። ይህን ከአልጋቸው አጠገብ ሆኖ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ስፌቱ ሳይጠግግ ሱጁድ ይወርዳሉ።

ሩቅያን በተመለከተ የሚከለክል የለም፤ ጠርሙሱም ሩቅያውም አብረው ይሂዱ። የምንቃወመው ዓይን ውስጥ የሚጨመር የቅጠል ጭማቂንና ንጽሕናው ያልታወቀ ፈሳሽን ነው። ያ ግላኮማን አይነካውም፣ መስታወቱን ግን ያቆስለዋል።

ጠብታ አደራረጉን እናንተ ብትማሩት ይሻላል፤ ብዙ ሽማግሌዎች ጉንጫቸው ላይ ነው የሚያንጠባጥቡት። እጅ ይታጠባል፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይላል፤ የታችኛው ቆብ በቀስታ ተስቦ ትንሽ ኪስ ይሠራል፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንን ሳይነካ አንድ ጠብታ ብቻ ይገባል። ሁለት ማድረግ ብክነት ነው፤ ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ አይይዝም። ከዚያ መጨፈንና ጥጉን መጫን። ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ ነው። ግላኮማ ከቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ከሞራው በተለየ መልኩ ያ 5.2 በመቶ ተመልሶ የማያይ ነው። በዓለም ደረጃም ተመላሽ ላልሆነ ዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት እሱ ነው። የዓይን ስፔሻሊስት የሚገኝባቸው ቦታዎች ውስን ናቸው፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ የዓይን ሕክምና ካለባቸው መካከል ናቸው። ለክፍለ ከተማው ወይም ለወረዳው ጤና ጣቢያ ሪፈር ማስጻፉን አስቀድማችሁ አድርጉት። ምርመራው ላይ «ግፊቱ ስንት ሆነ? ነርቩ ታየ? ማዕዘኑስ ክፍት ነው ዝግ?» ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ጻፉት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው።

ሐኪሟ ያኔ የሼኻችን ልጆች በሙሉ እንዲታዩ አዝዘው ነበር። ከአርባ ዓመት ያለፉት ሴት ልጃቸው ሄደው ግፊታቸው ከፍ ብሎ፣ ነርቡም ገና መነካት ጀምሮ ተገኘ። ዛሬ በየማታው ጠብታቸውን ያደርጋሉ፣ እስካሁን አልባሰባቸውም። ታላቅ ወንድማቸው ግን «እኔ ምንም አያመኝም፣ መርፌ ክር አስገባለሁ» ብለው እስከ ዛሬ አልሄዱም። የመንፈቁ እረፍት ሲጀምር አገር ቤት የምንገባው ሁለታችን እሳቸውን ይዘን ለመሄድ ተነጋግረናል። ሼኻችን ራሳቸው «እኔ እነግረዋለሁ፤ ማንቆርቆሪያውን አስታውሱት በሉት» ብለውናል።